አባቴ የፈረመልኝ መጽሐፍ

ኤልያቄምን ያገኘሁት ከሀይሌ ጋርመንት ወደ መካኒሳ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ ልብ ወለድ ያነባል፤ እኔም ሳላፍር አብሬው አነባለሁ። ገጹን ሊያልፍ ሲል፣ «ቆይ፣ አልጨረስኩም!» አልኩት አምልጦኝ። ዞሮ አየኝ። መካኒሳ እስክንደርስ ገጹን አልቀየረም።

ቴሌግራም ላይ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። መጽሐፍ ይገዛል፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሳል፣ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ያውሳል።

«ይሄ እኮ የሰው ላብ ነው» አልኩት አንድ ቀን። አባቴ ደራሲ ነው፤ ያሳተመው መጽሐፍ ገዢ አጥቶ ሳሎናችንን ሞልቶታል።

«አዋስኩ እንጂ አልሸጥኩም። መግዛት ያቃተው ሰው አያንብብ?»

ዓይኑን ሳየው ክርክር የሚባል ነገር ይጠፋኛል። ለልደቱ አባቴ የፈረመልኝን መጽሐፍ ሰጠሁት። ከዚያ የበለጠ የምሰጠው አልነበረኝም።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። የቸርቻቸው ሽማግሌ ጋሽ ምትኩ ጸሎት እንዳበቁ ልጁን ማመስገን ጀመሩ። ጓዳ ሆኜ በበሩ ክፍተት እያየሁ እሰማለሁ።

«ለትውልድ የሚያስብ ልጅ ነው። የእርስዎን መጽሐፍ እንኳ በእሱ ምክንያት ስንቱ አነበበው! እኔም ስልኬ ላይ አለኝ፤ ይኸው ይመልከቱ።»

ደስ ሊያሰኙት እኮ ነው! አባቴ መነጽሩን አደረገ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በገዛ እጅ ጽሑፉ፣ «ለልጄ ለዶርቃ» ይላል።

መነጽሩን አውልቆ ስልኩን መለሰላቸው። ሽማግሌዎቹ ነገሩ አልገባቸውም።

በማግስቱ ለቡ መብራት ኃይል ተገናኘን። ኤልያቄም ዓይኑ ቀልቷል።

«አጥፍቼዋለሁ፣ ዶርቃዬ። እንዲነበብላቸው ብዬ እኮ ነው።»

«ከሰዉስ ስልክ ታጠፋዋለህ?»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጠላሁት ብል ውሸት ነው፤ እጁን ይዤ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ አባቴ የሁለተኛውን መጽሐፍ ረቂቅ ፌስታል ውስጥ እያስገባ ነበር።

«አባዬ፣ ምነው?»

«ሰው ያልፈለገው መስሎኝ ነበር» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ለካ ሁሉም አንብቦታል።»

ፌስታሉን አስሮ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው።

«ልጁ ክፉ አይደለም። ሽማግሌዎቹን እሺ ብያቸዋለሁ፤ አግቢው።»

ከዚያ ወዲህ ብዕር አላነሳም። እኔም ኤልያቄምን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አባቴ ቢከለክለኝ ኖሮ ኮብልዬ እሄድ ነበር። ፈቅዶልኝ ነው ሳላገባው የቀረሁት።