በግንቡ ውሃ ላይ ስም አይጠራም

ሰርዲኑን ገንቦ ውስጥ እየደረደርኩ ነበር።

አንድ ረድፍ ዓሣ፣ አንድ እፍኝ ጨው፣ በላዩ ላይ እንደ ቅመም የምንበላው የደሴታችን ቀይ አፈር። ከዚያ እንደገና ዓሣ። እህቴ ዘይቱን ከጎኔ ተቀምጣ የዓሣውን ጭንቅላት ትቆርጣለች፤ እኔ እደረድራለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሆርሙዝ ደሴት፣ ጥንት ፖርቹጋሎች ከሠሩት ግንብ ሥር፣ እኛው ግቢ ውስጥ።

ሰዓቱን የምነግራችሁ በምክንያት ነው... ጨልሞ ነበር፣ ዓይኗ አታሏት ነው እንዳትሉኝ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ፍየላችን እንኳ ግድግዳው ሥር ባለችው ቀጭን ጥላ ውስጥ ተሸጉጣ ታመሰኳለች።

አላመናችሁኝም? አትመኑ። የእናንተ አለማመን እኔን ካየሁት ነገር አያድነኝም።

መጀመሪያ ስለ ኬይቫን ልንገራችሁ።

የእህቴ ባል ነው። ከሺራዝ ከተማ መጥቶ አገባትና እኛው ቤት ቀረ። ዓሣ አጥምድ ቢባል ጀልባ ላይ ያስመልሰዋል። መረብ ጠግን ቢባል ጣቱን ይቆርጣል። የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ነው... ማውራት። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ በጀልባ የሚመጡትን ጎብኚዎች ሰብስቦ ግንቡን ያስጎበኛል።

ግንቡ ደግሞ ለውሸታም ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የዛጉ መድፎች። ግማሽ ጎኑ የተናደ ቅጥር። ከመሬት በታች፣ በዓምዶች የተከበበ ክብ የውሃ ማቆሪያ።

ኬይቫን ጎብኚዎቹን ማቆሪያው ጋ ሲያደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"እዚህ ውሃ ውስጥ አንገቱን የተቀላ ካፒቴን አለ" ይላቸዋል።

የለም። ራሱ ነው የፈጠረው። እኛ ቤት ተቀምጦ፣ የእኛን ሩዝ እየበላ።

"ካፒቴን! አለህ?" ብሎ ይጮሃል።

ከታች... "አለሁ..." የሚል ወፍራም ድምፅ ይመጣል።

ጎብኚዎቹ ይንጫጫሉ። አንዱ ይሮጣል። የሮጠው ሰውዬ ራሱ ውጭ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ "አየኸኝ? አልፈራሁም እኮ" ይላል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው የሚመጡት።

የምትመልሰው ዘይቱን ነበረች። በባሕሩ በኩል ባለው ፍርስራሽ ሾልካ ትገባና ከዓምድ ጀርባ ቆማ ድምፅዋን ታወፍራለች። እናቴ በዚህ ነገር ተቃጥላ ልትሞት ነበር።

"ልጄን አሳድጌ ለጅን ምትክ ሰጠሁ" ትላለች፣ የደሴታችን ሴቶች ከሚያጠልቁት የፊት ጭንብል ሥር እያጉረመረመች።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁልኝ። እኛ ዘንድ በቆመ ውሃ ላይ የሰው ስም አይጠራም። ማቆሪያ የወረደ ሰው ከፈለግን እናጨበጭባለን፣ ወይም እንስላለን። ስም ግን... አንጠራም። ለምን እንደሆነ ማንም አስረድቶን አያውቅም። ሁላችንም እንዲሁ ሳንጠራ አደግን።

ካፒቴን ደግሞ ስም አይደለም። ስለዚህ እስከዚያ ቀን ድረስ ኬይቫን፣ ሳያውቀው፣ ልማዱን አልጣሰም ነበር።

ያን ቀን ግን ዘይቱን ወደ ግንቡ አልሄደችም። ጀልባዎቹ ሰርዲን ይዘው ገቡ። ሰርዲን በዚያ ሙቀት ማንንም አይጠብቅም።

"ባልሽስ?" አልኳት።

"ዛሬ እንኳ ራሱ ጮሆ ራሱ ይመልስ" አለችና ቢላዋዋን አነሳች።

በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ።

ኬይቫን እየሳቀ ገባ። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ።

"አንቺ ሴትዮ!" አለ። "ዛሬ ገደልሽኝ እኮ!"

ዘይቱን ቀና አለች። "ምን አደረግኩ?"

"'ካፒቴን፣ አለህ?' ስልሽ 'አንተስ አለህ?' አልሽኝ! በዚያ ላይ ሳቅሽ... የት የተማርሽው ሳቅ ነው? አንዷ ጎብኚ እኮ ጫማዋን ጥላ ሮጠች! ከዛሬ ጀምሮ እንዲያ ነው የምትስቂው።"

ዘይቱን እኔን አየችኝ። እኔም እሷን። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ቀይ አፈርና የዓሣ ቅርፊት ነው።

"ኬይቫን..." አለች።

"ቆይ፣ ሰዎቹ ከወጡ በኋላስ 'በቃ ዘይቱን፣ ነይ ውጪ' ብዬ ስጠራሽ 'እሺ መጣሁ' አላልሽም? ጠብቄ ጠብቄ ሰለቸኝ። በየት በኩል ነው ቀድመሽኝ የመጣሽው?"

እናቴ ምንጣፏ ላይ ተኝታ ነበር። ተነስታ ተቀመጠች።

"ምን ብለህ ነው የጠራሃት?"

"በስሟ ነዋ፣ እማማ። ሚስቴን በምን ልጥራት?"

"ውሃው ላይ?"

"አይ፣ ደመናው ላይ" አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

"ዘይቱን ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ግቢ አልወጣችም" አልኩት።

ዓሣውን አየ። የዘይቱንን እጅ አየ። ገንቦውን አየ። ለአፍታ ያህል ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣ... ከዚያ ሳቁ ተመለሰ።

"ገባኝ። ሦስታችሁ መክራችሁብኛል። ደግ፣ ደግ። የደሴት ሰው ቀልድ እንዲህ ነው ማለት ነው።"

ፍየሏ ማመስኳቷን አቆመች።

ከበሩ ውጭ... አንድ ሰው ተናገረ።

"ሳሊሜ... ክፈቺልኝ። እጄ ሙሉ ነው።"

ሳሊሜ እኔ ነኝ። ድምፁ የዘይቱን ነበር። "ክፈቺልኝ" ስትል መጨረሻውን የምትጎትተው ነገር ሳይቀር።

ዘይቱን ከጎኔ ናት። አፏ ተዘግቷል።



"እንዳትመልሺ" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "እንዳትከፍቺም።"

"እኔ እኮ እዚህ ነኝ" አለች ዘይቱን... ግን ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ግድግዳ ማዶ ያለ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

"ሳሊሜ... ክፈቺልኝ እንጂ።"

አሁን ቀረብ ብሏል። ጎላ ብሏል። ዘይቱን አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያ ውጭ ያለው በጎላ ቁጥር እዚህ ያለችው ታልቃለች።

ኬይቫን ሄዶ በሩን በርግዶ ከፈተው። ያመጣው ባጃጅ ሄዷል። መንገዱ ነጭ ነው፣ ባዶ ነው። አቧራው ላይ የጎማው መስመርና የኬይቫን የራሱ ጫማ ዱካ ብቻ አለ።

"የሰፈር ዱርዬ ነው" አለ። "ድምፅ አስመሳይ።"

"በሩን ዝጋ" አለች እናቴ። "አንዴ ቤት ከገባ አይወጣም። ስሟን የሰጠኸው አንተ ነህ። ሄደህ ተቀበለው።"

"እንዴት አድርጌ?"

"በእሷ ምትክ የራስህን ስም ስጠው።"

ፊቱ እንዴት እንደተጣመመ ባያችሁ! ይጸየፈን ነበር... እኛን፣ ምንጣፋችንን፣ የዓሣችንን ሽታ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ድንቁርና ነው። ሚስቴ ሙቀት መቷት ጉሮሮዋ ደርቋል። ውሃ ስጧት። እኔ ጀልባ ላይ ሰው ይጠብቀኛል።"

ዘይቱን እጁን ያዘችው። በቀይ እጇ።  መናገር አልቻለችም።

እጁን አስለቅቆ ሸሚዙን አራገፈ።

"ተዪው ልጄ" አለች እናቴ። "ይህ ሰው ጀግና የሚሆነው ተመልካች ሲኖረው ነው። ብቻውን ሲሆን ከጥላውም ይሸሻል።"

"ፈራህ እንዴ?" አልኩት እኔ። "ካፒቴኑን ፈራኸው?"

እሱን የሚያንቀሳቅሰው ይህ እንደሆነ አውቅ ነበር። የእህቴ ድምፅ አይደለም። መናቁ ነው።

"ነይ" አለኝ። "ነይ ተከተይኝ። በዓይንሽ አይተሽ ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ።"

ወደ ግንቡ ወጣን። መንገድ ላይ አፉን አልዘጋም። ስለ ሺራዝ የአትክልት ስፍራዎች አወራ። እዚያ ሰው መጽሐፍ እንደሚያነብ ነገረኝ። እኔ የማስበው ዘይቱን የከፈተችውን አፍ ነበር።

ወደ ማቆሪያው ወረድን።

ከጣሪያው ቀዳዳ አንድ የብርሃን ዘንግ ወርዶ ውሃው ላይ ቆሟል። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ አይነቃነቅም። ሁልጊዜ ከዓምድ ዓምድ የሚበርሩ ወፎች አሉ። ዛሬ አይበርሩም። ጠርዙ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል...

ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረዋል።

"ኬይቫን" ልለው ነበር። ምላሴን ነከስኩ።

እሱ መነጽሩን አወለቀ። ጎብኚ ፊት እንደሚያደርገው ደረቱን ነፋ።

"ስማ!" ብሎ ጮኸ። "ኬይቫን እባላለሁ! ኬይቫን! የዘይቱንን ተው! ከፈለግክ ና፣ የእኔን ውሰድ!"



ያ ማቆሪያ ብታስሉ መልሶ የሚያስል ነው። ጠጠር ብትጥሉ ሁለት ሦስቴ ይቆጥርላችኋል። የኬይቫንን ጩኸት ግን... ዋጠው። አንዲት ፊደል አልመለሰም።

ወፎቹ በአንድ ጊዜ ተነስተው በቀዳዳው ወጡ።

ኬይቫን ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"አየሽ? ምንም የለም።"

አፉ ፊቴ ነበር። ድምፁ የመጣው ግን... ከታች፣ ከውሃው ነው።

እሱ አላወቀም። ደረጃውን እየወጣ ማውራቱን ቀጠለ፤ ድምፁ ከኋላችን፣ ከጥልቁ ይከተለናል። "እናንተ እኮ... እንዲህ ናችሁ... ለዚህ ነው ደሴታችሁ የማያድገው..." በወጣን ቁጥር ራቀ። መድፎቹ ጋ ስንደርስ እንደ ዝንብ ድምፅ ሆነ። የግንቡን በር ስናልፍ ጠፋ።

እሱ አሁንም ይሰድበኛል። ከጣቱ አወዛወዝ አውቀዋለሁ። ከንፈሩ ይሮጣል፣ ቅንድቡ ይወጣል ይወርዳል... ድምፅ የለም።

አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ።

ግቢ ስንገባ ዘይቱን በሩ ላይ ቆማለች።

"ሳሊሜ!" አለች። ሙሉ ድምፅዋ ነው። ወፍራም፣ ሞቃት፣ የራሷ። "ሄደ! ከውጭ የነበረው ሄደ!"

ኬይቫን ፊቷ ቆሞ አንድ ነገር ነገራት። መልስ ጠበቀ። ደግሞ ነገራት።

"ምን?" አለችው። "ምን አልከኝ?"

ያን ጊዜ ነው ያወቀው። እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። አፉን እስኪቀደድ ከፈተው። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ከግቢው ውስጥ የሚሰማው ፍየሏ ስታመሰኳ ብቻ ነበር።

"አሁን ገና ቤቱ ጸጥ አለ" አለች እናቴና ተመልሳ ተኛች።

እኔ ሳቅኩ። ዘይቱን ግን አልሳቀችም። አፈር የነካ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

"ለእናንተ ውሸታም ነው" አለች። "እኔ እኮ ማታ ማታ እሱ ሲያወራ እየሰማሁ ነው የምተኛው።"

 

ዓሣው ግን አይጠብቅም። ተቀመጥኩና የቀረውን ደረደርኩ። የመጨረሻውን ጨው፣ የመጨረሻውን ቀይ አፈር። የገንቦውን አፍ በጨርቅ ሸፈንኩ፣ በገመድ አሰርኩ፣ ፀሐይ እንዲመታው ተሸክሜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ።

ከጣሪያው ላይ ግንቡ ይታያል። የከሰዓቱ ጀልባ ሰዎች አምጥቶ ነበር። ባለ ብዙ ቀለም ልብሳቸው በበሩ ሲገባ አየሁ።

ከዚያ ሰማሁት።

"እንኳን ደህና መጣችሁ! ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ ሴቶቹን ወደ መሐል..."

የኬይቫን ድምፅ ነው። ያው ቀልድ፣ ያው አጠራር። እሱ ራሱ ያን ያህል አሳምሮ ተናግሮት አያውቅም። ሰዎቹ ሲስቁ ይሰማል።

ወደ ግቢው ጎንበስ ብዬ አየሁ። ኬይቫን ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ዘይቱን ጭንቅላቱን ይዛዋለች። አይንቀሳቀስም።

ግንቡ ውስጥ ድምፁ ዝቅ አለ። እሱ ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ላይ። ሳቁ ቆመ።

"ካፒቴን! አለህ?"

እታች፣ ምንጣፉ ላይ... ኬይቫን ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ ማንንም አያይም። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ የሠራትን ቃል ከጣሪያ ላይ ሆኜ አነበብኳት።

አለሁ።

ቃሉ ግንቡ ውስጥ ተሰማ፤ የሰዎች ጩኸት ተነሳ።

ገንቦውን ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። አፉ ላይ ድንጋይ ጫንኩበትና ወረድኩ።