በአራት ምስማር የተዘጋው መስኮት

ያየሁትን ነው የምናገረው። የሚያምን ይመን፤ የማያምን ድንቹን ይላጥ።

ቦታው የእኛ መንደር ሮትባህ ነው፣ አሮጌው ትምህርት ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጨለማ አልነበረም። ጠጥቼም አልነበርኩም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ከፈረንሳይ ጋር በተዋጋንበት በ1870 ብርድ ነው።

ወንዙ በኅዳር በረዶ ሆነ። ድንቹ በየጓዳው ጠቆረ። ላሞቹን ጦሩ ወሰዳቸው። በታኅሣሥ የወረደው በረዶ እስከ መጋቢት መሬት አላሳየንም። ወፎች ከቅርንጫፍ ላይ ደርቀው ይወድቁ ነበር። መቃብር ለመቆፈር መጀመሪያ አፈሩ ላይ እሳት እናነድ ነበር።

ቁስለኞቹ በጋሪ መጡ። ትምህርት ቤቱ ሆስፒታል ተባለ።

ሆስፒታል! ጭድ፣ ባልዲና ስልሳ ሰው። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ይልና ኮቱን ሳያወልቅ ይመለሳል።

እኔ ካስፓር ነኝ፣ አናጢ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትከሻዬ ስለተጣመመ ጦሩ አልፈለገኝም። የሬሳ ሣጥን እሠራ ነበር።

እህት ቴክላ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ በእግሯ መጣች። መነኩሲት አይደለችም፤ እኛ ሉተራውያን መነኩሲት የለንም። ዲያቆናዊት ናት። ሕሙማን መጠበቅ ተምረው፣ ያለ ደሞዝ ወደተላኩበት ከሚሄዱት ሴቶች አንዷ። ሰማያዊ ቀሚስ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ነጭ ቆብ። ቆቡ በአሚዶ የደረቀ ነው። ገና ሳትደርስ አሚዶና ኮምጣጤ ይሸታል።

የመንደራችን ሴቶች እሁድ እሁድ በሩ ላይ ቆመው ለቁስለኞቹ ይዘምሩ ነበር፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። ባልዲ ያነሳች አንዲት አላየሁም።

ከንቲባው ግራውፎግልም ይመጣ ነበር... የማገዶውን ክምር ለማየት።

ከትልቁ ክፍል ጥግ ትንሽ ክፍል ነበረች። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። መሞቻው የደረሰውን ወደዚያ እናስገባዋለን።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት መስኮት ይከፈታል። ነፍስ መውጫ ካጣች እዚያው ትቀራለች ይባላል።

ቴክላ ሥራዋ አይለወጥም። የሟቹን ዓይን በሁለት ጣት ትከድናለች። አገጩን በፋሻ ቁራጭ ታስራለች፤ ቋጠሮው ሁልጊዜ በግራ ጆሮ በኩል ነው። መስኮቱን ትከፍታለች። በመጨረሻ ሰውየው ይጠጣበት የነበረውን ኩባያ አጥባ የመስኮቱ ደፍ ላይ አፉን ወደ ታች ትደፋዋለች። ያን ጊዜ ለዚያ ሰው የነበረባት ሥራ አለቀ ማለት ነው።

አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«እህት ቴክላ፣ እርስዎም ያምናሉ?»

«እኔ? አላምንም።»

«ታዲያ ለምን ይከፍታሉ?»

«እነሱ ያምናሉ። እንደሚከፈትላቸው ካወቁ ሳይፈሩ ይሄዳሉ... አልጋውንም ለሌላ እፈልገዋለሁ።»

እንዲህ ነበረች። የሚጣፍጥ ቃል ከአፏ አይወጣም።

በጥር ተስቦ ያዘኝ። አሥራ ሁለት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር። የማስታውሰው ኩባያውን ብቻ ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ እንዳገኘው እጀታውን ወደ ቀኝ እጄ ታዞረዋለች። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተነሣሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን እሷ ወደቀች።

ትንሿ ክፍል ውስጥ አስተኛናት።

«ካስፓር...»

«አቤት።»

«መስኮቱን...»

«አላምንም ብለውኝ አልነበረም?»

ከንፈሯ ጫፉ ላይ ፈገግ አለ።

«አላምንም። አንተ ግን ክፈተው።»

«እከፍታለሁ።»

«ቃልህን ስጠኝ።»

ሰጠኋት።

በማግስቱ ጠዋት ግራውፎግል እጁን ምድጃው ላይ ዘርግቶ ጠራኝ።

«ያንን መስኮት ቸንክረው።»

«ጌታዬ፣ እህት ቴክላ...»

«ማገዶው እኮ በዚያ መስኮት ነው የሚያልቀው! ለሬሳ ብዬ እንጨት አላቃጥልም። ቸንክር።»

«ቃል ሰጥቻታለሁ።»

«ለማን? ለምትቃዥ ሴት? ስማ፣ አንተ የመንደሩ አናጢ ነህ። ነገም አናጢ መሆን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

ፈለግሁ።

አራት ምስማር መታሁ። እሷ አልጋው ላይ ሆና ታየኛለች። መዶሻውን ባነሳሁ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሲያርፍ ትገልጣለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተች።

ምስማር የምነቅልበት ጉጠት ኪሴ ውስጥ ነበር። ግራውፎግል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዓይኗን ከደንኩ፣ አገጯን አሰርኩ... ወጣሁ።

ከእሷ በኋላ በዚያች ክፍል አሥራ ሰባት ሰው ሞተ። መስኮት የተከፈተለት የለም። አሥራ ሰባቱንም ሣጥን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጦርነቱ አለቀ። ግራውፎግል ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የሟቾች ስም ሲቀረጽ ለጦሩ የሰጠውን ፈረስ ሳይቀር በንግግሩ አነሣ። የቴክላ ስም የለም።

«የመንደሩ ተወላጅ አይደለችማ» አለ።

ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሮትባህ ራስ መነቅነቅ ይችልበታል። እኔም ነቀነቅሁ።

ኋላ አዲስ ትምህርት ቤት ተሠራና አሮጌው የግራውፎግል መኖሪያ ሆነ። ትንሿ ክፍል ውስጥ አሮጌ ዕቃ ታጎረባት። ጣሪያውን ጠገንኩለት፣ ደረጃውን ሠራሁለት። ወደዚያች በር ግን አንድ ቀን አልቀረብኩም። ዓመቱ ሠላሳ አንድ ሆነ።

በ1902 ጥር ወር ሪህ ግራ እግሩን ያዘው። ደረጃ መውጣት አቃተው። ዕቃውን አስወጥቶ አልጋውን ወደ ታች፣ ወደ ትንሿ ክፍል አስገባ።

በሦስተኛው ቀን ሎተ መጣች። ምግብ የምታበስልለት መበለት ናት፤ ስልሳ ዓመቷ ነው፣ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም።

«ካስፓር፣ ጉጠት ይዘህ ና ብሎሃል።»

«ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኩባያውን አስቀምጬ እወጣለሁ። ስመለስ እጀታው ዞሯል።»

«ራሱ ያዞረው ይሆናላ።»

«እጁ እኮ እስከዚያ አይደርስም፤ የማጠጣው እኔ ነኝ... ደግሞ አሚዶ ይሸተኛል። በዚያ ቤት አሚዶ ከገዛሁ አምስት ዓመቴ ነው።»

ጉጠቱን አነሣሁ። ያው የድሮው ጉጠት ነው።

ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። ጠዋት የጣለው በረዶ ሜዳውን ሸፍኖታል። ድመት እንኳ አልረገጠውም።

ሎተ ከበሩ አላለፈችም። እኔ ገባሁ።

ግራውፎግል ትራስ ተደግፎ ነበር። ያ ቦርጭ ሟሟ፣ ያ አንገት ቆዳ ብቻ ሆነ። አላዘንኩለትም።

ኩባያው ከአልጋው አጠገብ ነው፣ ከእጁ ትንሽ ራቅ ብሎ። እጀታው... ወደ ቀኝ።

መስኮቱን አየሁ። መስታወቱ ላይ ጉም ነበር፤ ክብ ክብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ አፍ አስጠግተው እንደተነፈሱበት። የእሱ አልጋ ከማዶ ግድግዳ ጋር ነው።

«ክፈተው» አለኝ።

«በዚህ ብርድ?»

«ክፈተው! አየር የለም። ክፍሉ ሞልቷል።»

«በምን?»

ወደ ጥጉ አየ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«ሲስሉ አትሰማም?»

አልሰማሁም።

«ቀኑን ሙሉ ይስላሉ። አንዷ ግን አትስልም... የእጄን ትርታ ትቆጥራለች። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ናቸው።»

«እንጨት ይባክናል፣ ጌታዬ። ለሬሳ ተብሎ እንጨት አይቃጠልም።»

ያስታውስ እንደሆነ ዓይኑን አየሁት። አስታወሰ።

«ካስፓር... እባክህ።»

በዕድሜዬ ሙሉ «እባክህ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ለእሱ ብዬ ግን ጣቴን አላነሳም ነበር። ወደ መስኮቱ የሄድኩት ቃል ስለነበረብኝ ነው።

ዝገት ነበር የጠበቅሁት። ምስማር በእንጨት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቆይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው።

አራቱም ያበሩ ነበር።

አዲስ ምስማር እንደሚያበራ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን በር እጀታ ብዙ እጅ ሲዳስሰው እንደሚያበራ ነው።

አንደኛውን ነቀልኩ። ያን ጊዜ ሳሉን ሰማሁት... ከኋላዬ፣ ከቅርብ።

ሁለተኛውን ነቀልኩ። ሳሉ ቆመ። ብዙ ሰው ትንፋሹን እንደያዘ ያለ ዝምታ ሆነ።

ሦስተኛውን ነቀልኩ።

አራተኛው ግን ጉጠቱን ሳላስነካው ራሱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

መስኮቱን ከፈትኩት።

ነፋሱ መግባት ነበረበት። መጋረጃው ግን ወደ ውጭ ተነፋ።

አጠገቤ የሆነ ነገር አለፈ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ትከሻዬን እየነኩኝ ያልፋሉ፣ በጠባብ በር ሰው ሲወጣ እንደሚነካካው። ረጠብ ያለ ጭድ ሸተተኝ። አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ መጋረጃው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ወደ ውጭ አየሁ። ድመት ባልረገጠው በረዶ ላይ የእግር ዱካ ነበር። ባዶ እግር። ከመስኮቱ ሥር ይጀምርና ሜዳውን ያቋርጣል። አንዱ ቀኝ እግር ብቻ አለው፤ በግራው በኩል የምርኩዝ ቀዳዳ። እሱን አስታውሰዋለሁ፤ በምርኩዙ ነበር የቀበርነው።

ቆጠርኳቸው። ዓይኔ አላታለለኝም፤ ሁለቴ ቆጠርኩ።

አሥራ ሰባት።

የሴት ጫማ ዱካ የለም።

«እህት ቴክላ» አልኩ። ድምፄ አሳፈረኝ። «ተከፍቷል። ይሂዱ።»

የአሚዶው ሽታ ከኋላዬ ነበር፣ ከአልጋው በኩል።

«ዝጋው» አለ ግራውፎግል። «በቃ፣ አሁን ዝጋው... በረደኝ።»

«አልዘጋም።»

«ካስፓር...»

ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ዞርኩ።

ዓይኖቹ ተከድነዋል። አገጩ በፋሻ ቁራጭ ታስሯል። ቋጠሮው በግራ ጆሮው በኩል ነው።

ሎተ በሩ ላይ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች።

«አንተ ነህ ያሰርከው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እጄን አሳየኋት። ጉጠት ብቻ ነበር የያዝኩት።

«እንግዲያ ማን...»

«ዝም በይ፣ ሎተ።»

የአሚዶው ሽታ ጠፍቶ ነበር። ወደ መስኮቱ ተመለስኩ።

አሁን ሌላ ዱካ አለ። ጠባብ የሴት ጫማ። ከጎኑ ደግሞ፣ ተጠግቶ፣ ያበጠ የሽማግሌ ባዶ እግር፣ ግራውን የሚጎትት። የሴቲቱ እርምጃ አጭር ነው። ለእሱ ብላ አሳጥራዋለች።

እኔ ብሆን ትቼው እሄድ ነበር። ስሟን ከግድግዳ ያስቀረ ሰው ነው። እሷ ግን በሽተኛ ጥላ አትሄድም፤ ማንም ይሁን። ሠላሳ አንድ ዓመትም የቆየችው በእኔ ምስማር አልነበረም ይሆናል... አሥራ ሰባቱን ጥላ ላለመሄድ ይሆናል። ይህን ለማወቅ አልተማርኩም።

ያም ሆነ ይህ ቃሌን ፈጸምኩ። ዘግይቼ፣ ግን ፈጸምኩ።

አራቱን ምስማሮች ከወለሉ ለቃቅሜ ቀና ስል ኩባያው ከአልጋው አጠገብ አልነበረም።

የመስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ታጥቦ፣ ተደፍቶ።

አልጋው ሥር በነበረው ባልዲ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ነበር። ከኩባያው ጠርዝ ግን ውኃ ገና ይንጠባጠብ ነበር።