ድርብ ሰረዝ ያጣላቸው

«ስምሽን በየትኛው ‹አ› ልጻፈው? በአልፋው ነው በዐይኑ?»

ዓለምነው ለዚያች ልጅ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ስሟን ነግራው የነበረችው ልጅ አሮጌ ላፕቶፕ እንዳቀፈች የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማ ሣቀች።

«እኔ እንጃ... ዓይናለም ነው ስሜ። ዓይን በምን ይጻፋል?»

«በዐይኑ ነዋ» አለና በራሱ ድፍረት ደንግጦ አንገቱን ደፋ።

ዓለምነው የገሳይ ከተማ ልጅ ነው። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሞ ደብረ ታቦር ገባ። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው የጋሽ አስናቀ ኮምፒውተር ጽሕፈት ውስጥ ማመልከቻና አቤቱታ ሲጽፍ አራት ዓመት ሆነው። ዐይን አፋር ነው። ፊደል ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ሰው በስልኩ የጻፈውን ይዞ ሲመጣ፣ በድርብ ሰረዝ (፤) ቦታ የፈረንጁ ምልክት (;) ገብቶ ካገኘ ሳይጠየቅ አንድ በአንድ ይለውጠዋል። ጋሽ አስናቀ «ይኼ ልጅ መልአከ ሞት መጥሪያ ቢያመጣለት፣ መጀመሪያ ሆሄውን አርሞ ነው የሚሄድ» እያሉ ያሾፉበታል።

ዓይናለም ከእብናት መጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ተማሪ ናት። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀምራ፣ ጓደኛዋ የጫነላት ሶፍትዌር ከብዷት ላፕቶፗ እንደ ወፍጮ ይጮኽ ጀመር። ለጀማሪ የሚቀል ፈልጎ እንዲጭንላት ለመነችው። ዓለምነው ስለ ሲ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አላውቅም ማለት ግን አልሆነለትም።

«ላፕቶፑን ተይውና ከሦስት ቀን በኋላ ነይ» አላት።

ሦስቱን ቀን ምሳውን እየተወ ፈለገ። አንዱን ሶፍትዌር ላፕቶፑ አልቻለውም። ሁለተኛው ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛው፣ ኮድ ብሎክስ የሚሉት፣ የሚያስፈልገው ሁሉ አብሮት ይጫናል፤ አንድ ቁልፍ ሲነኩት የጻፉትን ያስኬዳል፤ ስሕተት ካለም መስመሩን በቀይ ያሳያል። አብሮት የመጣውን ምሳሌ ወሰደና ሲሠራ የሚታየውን ቃል ብቻ ለወጠው። ዓይናለም መጥታ ቁልፉን ስትነካ ጥቁሩ መስኮት ተከፍቶ በስሟ ሰላም አላት።

አፏን በእጇ ያዘች። «የት ነው የተመረቅኸው?»

በዚያው ቅጽበት አንድ ባለጉዳይ ገባ። ዓለምነው ወደ ሥራው ዞሮ ዝም አለ። እሷም ዝምታውን ትሕትና መሰላትና ከዚያ ቀን ጀምሮ «ኢንጂነሩ» ትለው ጀመር።

ከክፍል ስትወጣ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ማለፍ ልማዷ ሆነ። የተማረችውን ትነግረዋለች፣ እሱ ይሰማታል፣ የቋጠረችውን ቆሎ ይካፈላሉ። ሳትመጣ የቀረች ቀን ጋሽ አስናቀ «ዛሬ ፊደል ስትገድፍ ዋልህ» ይሉታል።

አንድ ቀን የፎቶ ኮፒ ወረቀት አምጥታ፣ በማግሥቱ በክፍል ፊት የምታሳየውን መልመጃ እንዲጽፍላት ጠየቀችው። ዓለምነው በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደል በፊደል ገልብጦ በፍላሽ ሰጣት።

በማግሥቱ ፊቷ ቀልቶ መጣች። አርባ ተማሪ ፊት ቁልፉን ስትነካ ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ሆኖ፣ መምህሩ ሳይቀር ግራ እንደ ገባው፣ ክፍሉ እንደ ሣቀባት ነገረችው።

«ያ ሶፍትዌር ብልሹ ነው አይደል? ንገረኝ!»

ዓለምነው ላፕቶፑን ስቦ አየ። በየመስመሩ መጨረሻ የራሱ ድርብ ሰረዝ ቁጭ ብሏል። ወረቀቱ ላይ የነበረውን የፈረንጁን ምልክት እጁ እንደ ልማዱ አርሞት ኖሯል። ሲ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። አዎ፣ ሶፍትዌሩ ነው ቢላት ታምነዋለች። ነገም ትመጣለች።

«ሶፍትዌሩ ደኅና ነው» አለ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ምልክቱ ስሕተት መስሎኝ... አረምሁት።»

«አረምኸው? የተመረቀ ሰው ይህን ያርማል?»

«አልተመረቅሁም። ስምንተኛ ክፍል ነኝ ያቆምሁ።»

ቆማ አየችው። «ታዲያ ስጠይቅህ ለምን ዝም አልህ?»

ዓለምነው አንገቱን ደፋ።

«አሁንም ዝም!» ብላ ላፕቶፗን አንሥታ ወጣች።

ሳምንቱን አልመጣችም። ዓለምነው የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ይውላል፣ እህል አይቀምስም። በስምንተኛው ቀን ጋሽ አስናቀ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ የአገሩን አቤቱታ ጽፈህ ጨረስህ። የራስህን መቼ ነው የምትጽፍ?»

ጻፈ። ከዚያም ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ብርዱን ችሎ ጠበቃትና ስትወጣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት።

«ለወይዘሪት ዓይናለም
ጉዳዩ፦ ዝም ስላልሁበት ምክንያት
ስትጠይቂኝ ዝም ያልሁት፣ ስምንተኛ መሆኔን ካወቅሽ ተመልሰሽ የማትመጪ መስሎኝ ነው። ስለ ወደድሁሽ ፈራሁ። ከእንግዲህ ለምትጠይቂኝ ሁሉ መልስ እንደምሰጥ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።
አመልካች ዓለምነው ይርጋ»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ስምንተኛነትህን ማን ጠላው...» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሁሉን ሳወራልህ አንተ መደበቅህ ነው ያቃጠለኝ። ለምጠይቅህ ሁሉ ትመልሳለህ?»

«እመልሳለሁ።»

«ቅዳሜ እብናት እናቴ ዘንድ እወርዳለሁ። ስለ አንተ ምን ልበላት?»

ዓለምነው ቀና ብሎ አያት።

«ስምንተኛ ክፍል ነው በያት። በጽሕፈት ሥራ ነው የሚኖረው በያት። አንድ ቀን ሰው ፊት አሳፍሮኛል በያት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሱን ነው የማገባው... በያት።»

ዓይናለም በነጠላዋ ጫፍ ፈገግታዋን ሸፈነች።

«የመጨረሻው አልተሰማኝም። ድገመው።»

ደገመው፤ የበሩ ዘበኛ እስኪሰማ ድረስ።

ከፋሲካ በኋላ ጋሽ አስናቀ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እብናት ወረዱ። እናቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ የልጁን ትምህርት ሳይጠይቁ፣ ከልጃቸው የሰሙትን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ያ ጥፋቱን በራሱ አፍ የተናገረው ልጅ ነው?»

«እሱው ነው፣ እመቤቴ» አሉ ጋሽ አስናቀ።

«እንግዲያው ልጄን ሰጥቻለሁ።»