ዘግይቶ የተነገረ መርዶ

ፀጉር አስተካካዩ አባትና ልብስ ሰፊዋ እናት ብዙ ዘመን ለምነው ያገኟት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ወሬ አይደክማትምና አባቷ «ድንቢጥ» ይላት ነበር። ከፊት ያለው ክፍል የአባት ፀጉር ቤት ነው፤ ከጀርባው የእናት ስፌት መኪና፤ በመሃል አንድ ስስ መጋረጃ። ከወዲህ መቀስ፣ ከወዲያ መኪና ሲንኳኳ፣ በመሃል የልጅቷ ሳቅ… ያ ቤት ምን ጎድሎት ነበር? ምንም!

ድንቢጥ ራቅ ያለ ከተማ ኮሌጅ ከገባች በኋላ እናቷን የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ጣላት። ልጅቷ የማጠቃለያ ፈተና ላይ ሳለች እናት አረፈች። አባት ግን አልነገራትም! ፈተናው እስኪያልቅ በየምሽቱ እየደወለ «እናትሽ ተኝታለች፤ አንቀስቅሳት» ይላት ነበር። እሷም እየሳቀች የዋለችበትን ታወራለታለች። ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ስትደርስ የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ፣ የእናቷ አልጋ ተነስቶ ጠበቃት።

«እኔ ስስቅ እማዬ አፈር ውስጥ ነበረች?» አለች።

አባቷ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበላት። ወደ ኮሌጅ ከተመለሰች በኋላ ስልኩን አታነሳለትም። ምግብ አስጠላት፤ ትምህርት ክፍል መግባት ተወች፤ ያ ሁሉ ጨዋታዋ ደረቀ። በመጨረሻ አብራት የምታድረው ጓደኛዋ እጇን ይዛ እየጎተተች ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ወዳለች ትንሽ ክፍል ወሰደቻት። እዚያ በየሳምንቱ ሐዘንና ጭንቀት የከበዳቸው ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የኮሌጁ አማካሪ፣ ድምጿ ለስላሳ የሆነ ጎልማሳ ሴት፣ «እዚህ ማውራትም ይቻላል፤ ዝም ማለትም ይቻላል» አለቻት። ድንቢጥ የሌሎቹን ሐዘን ስታዳምጥ ቆየች። ሰንብታ ግን ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ፊቷን እንኳ ሳላይ… አባቴ የእናቴን ስንብት ሰረቀኝ!»

ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው፣ ከቁመቱ የተነሳ ሁሉም «ቀውላላው» የሚሉት ተማሪ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እኔ ደግሞ አልደበቅኩም» አለ። «አባታችን የሞተ ዕለት ለታናሽ እህቴ ደውዬ ነገርኳት። መንገድ ላይ ነበረች፤ ብቻዋን። የሚደግፋት ሰው እንኳ አልነበረም። ያ ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምነው በዋሸኋት እላለሁ።»

ያ ቁመታም ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ድንቢጥ ሳታስበው ተነስታ ትከሻውን ያዘች። የነገረውም ያለቅሳል፣ ያልተነገራትም ታለቅሳለች… ታዲያ ትክክሉ የቱ ነበር?

አማካሪዋ ዝግ ብላ «በእነዚያ ቀናት አባትሽን ማን ያጽናናው ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።

ማን ነበረው? ይህን አንድም ቀን አስባው አታውቅም!

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ፀጉር ቤቱ ጭር ብሏል። ከሐዘኑ ወዲህ የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ደንበኛ ሁሉ ሸሽቶታል። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«መጣሽ?»

«አባዬ… ያን ሁሉ ቀን እንዴት ቻልከው?»

«አልቻልኩትም ልጄ። ስልኩን ስዘጋው ነበር የማለቅሰው። መጀመሪያ ለፈተናሽ ብዬ ነው። ኋላ ግን… አንቺ ‹እማዬስ?› ስትይኝ፣ ያለች ይመስለኝ ጀመር። ከዓለም ሁሉ እናትሽ ያልሞተችው አንቺ ዘንድ ብቻ ነበር። እዚያም ልግደላት?»

ድንቢጥ ጉልበቱ ላይ ተደፋች። በዚያች ቀን አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱ።

ዓመት ሳይሞላ አባትም ታመመ። በዚህ ጊዜ ግን ራሱ ደውሎ «ልጄ፣ አሞኛል፤ ነይ» አላት። መጣች። አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ እጁ በእጇ ውስጥ እንዳለ አሸለበ። በቀብሩ ላይ ቀውላላው በአንድ ጎኗ፣ አማካሪዋ በሌላው ጎኗ ቆመው ደገፏት።

ወይ ዕጣ ፈንታ! ከአንዱ ልጅ ወላጅን ከነስንብቱ ይነጥቃል፤ ለሌላው ስንብቱን ብቻ ትቶለት ይሄዳል። ድንቢጥን ግን ሁለቱም ደረሷት። ስለዚህም እናቷን ስታስብ እየተንገበገበች፣ አባቷን ስታስብ ደግሞ እያመሰገነች ታለቅሳለች።