በር ላይ የተመለሰ «የለም»

ስብሐት ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ተገኘ፤ ማጅራቱን በዘነዘና ተመትቶ። በዘጠኝ ቋንቋ አለመኖር የሚነገርባቸውን ቃላት ለሚጽፈው መጽሐፍ ሲለቅም የኖረው የጃፓንኛ አስተማሪ፣ ራሱ የለም ተባለ።

ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው ግቢ፣ ኮማንደር ታረቀኝ አስከሬኑን ያገኘችውን ተማሪውን ሶፍያን በካቴና ይዟታል።

«እመኚ!»

«በጃፓንኛ ‹ቺጋይማስ›፣ በዓረብኛ ‹ላ›፣ በኦሮምኛ ‹ሚቲ›፣ ባማርኛ አልገደልኩም! በየትኛው ይጻፍልዎት?»

መርማሪ ሮሐ ሳቋን ዋጠች።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት ታረቀኝ። «አብሮት የሚኖረው ጓደኛው መሳይ በማለዳ ወጥቼ ሸጎሌ ሄጃለሁ ብሏል። ከዚያ አባባ ብርሃኔ በር ላይ ሲለምኑ፣ ከውስጥ የወንድ ድምፅ ‹የለም!› ብሏቸዋል። ስብሐት ያኔ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ቀጥላ የገባችው እሷ ናት።»

ሮሐ ወደ ስብሐት አከራይ ዞረች። «እማማ ረሂማ፣ ስብሐት ለለማኝ ምን ነበር የሚመልሰው?»

«ሲኖረው ይሰጣል። ሲያጣ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ነዋ! ሌላ ምን ይባላል ልጄ?»

በማግስቱ ጧት ሮሐ መሳይንም ጨምራ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ወሬ ሳይጀመር ከበር ድምፅ መጣ።

«ስለ ማርያም!»

«አላህ ይስጥልኝ አባባ!» አሉ ረሂማ።

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለ ታረቀኝ ሳያስበው።

«ስለ ማርያም! ስለ ማርያም!»

«የለም! ሰውዬው፣ የለም!» ጮኸ መሳይ።

ከውጭ አባባ ብርሃኔ «ይኼው! የዚያን ቀኑ ድምፅ!» አሉ።

«ያስጮህኳቸው እኔ ነኝ» አለች ሮሐ። «በዚህ ሰፈር ባዶ እጁን ያለ ሰው ለማኝን ወደ ፈጣሪ ይመራል እንጂ ‹የለም› አይልም። ስብሐት ደግሞ ከማንም በላይ። ስለዚህ የመለሰው እሱ አልነበረም፤ ሞቶ ነበር። የመለሰው ሬሳው አጠገብ ቆሞ፣ ለማኙ ቶሎ እንዲሄድለት የቸኮለ ሰው ነው። አንተ ሸጎሌ አልነበርክም፣ መሳይ።»

መሳይ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ስሜን መጽሐፉ ላይ አስገባ ብዬ ስንት ለመንኩት! እምቢ እንኳ አይልም! ፈገግ ብሎ ‹እናያለን›! ሁሌ ‹እናያለን›!»

ታረቀኝ ካቴናውን ከሶፍያ እጅ ወደ መሳይ አዛወረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወረቀት ዘረጋላት።

«‹ቅሬታ የለኝም› ይላል። ፈርሚና በቃ፣ ቤትሽ ግቢ።»

ሶፍያ የበለዘ አንጓዋን እያሸች እስክሪብቶውን ወደሱ ገፋችው።

«አለኝ።»