ያለ መዳብ

ሂባ የቤተ ሙከራውን ደብተር ስትገልጥ፣ ያልነበረችባቸው አስር ቀናት ተሞልተው ጠበቋት። ጽሑፉ የክፍል ጓደኛዋ የዮአብ ነው። «ቀን 9፦ ጠርሙስ ሁለት ገረጣ። ቀን 12፦ ቢጫ ሆነ። ቀን 16፦ ሞተ።»

ሙከራው የሁለቱ ነበር። አረንጓዴ ዋቅላሚ፣ ውኃ ላይ የሚበቅለውን አልጌ፣ በሁለት ጠርሙስ ያሳድጋሉ፤ አንደኛው መዳብ ያገኛል፣ ሁለተኛው አያገኝም። ዋቅላሚው በብርሃን ምግቡን ሲሠራ ኤሌክትሮን የሚያቀባብልለት አንድ ፕሮቲን አለ፤ ያ ፕሮቲን መዳብ ይፈልጋል። መዳብ ካጣስ? ጥያቄያቸው ይኼው ነው።

በስድስተኛው ቀን የሂባ አባት ሞተ።

እስካሁን አላለቀሰችም። ቂርቆስ ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ሲሞላ ሻይ አቀረበች፣ ብርጭቆ አጠበች። ዛሬ ጠዋት በባምቢስ በኩል ስታልፍ አጎቷ የአባቷን ሱቅ ከፍቶ አየችው። እጁን አነሳላት፤ እሷም አነሳች። ምንም አልተሰማትም።

ወደ መስኮቱ ሄደች። ጠርሙስ ሁለት እዚያው አለ። አረንጓዴ ነው። ከጠርሙስ አንድ ጋር አጠጋግታ አየችው፤ ልዩነት የላቸውም።

ዮአብ ገባ። «መጣሽ እንዴ? እንዴት ነሽ?»

«ደህና። አልሞተም እኮ።»

ጠርሙሱን አይቶ አቀረቀረ። «በቃ፣ አልመጣሁም። ማለቴ፣ ብቻዬን ደበረኝ። መዳብ ከሌለ መሞቱ አይቀርም ብዬ ሞላሁት። ላንቺም ብዬ ነው፤ ደብተሩ ባዶ ከሆነ ከሳይንስ ውድድሩ እንወጣለን።»

«ቲቸር ብርነሽ አይታዋለች?»

«አዎ። ሐሙስ እንድናቀርብ መርጣናለች። ጠርሙሱን እንድፋውና በቃ። አታካብጂ።»

መናደድ እንዳለባት ታውቃለች። ንዴቱ ግን አልመጣም።

በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገብታ አንድ ወፍራም የባዮሎጂ መጽሐፍ አገላበጠች። ብዙ አረንጓዴ ዋቅላሚዎች መዳብ ሲያጡ ሌላ ፕሮቲን ይሠራሉ ይላል። ይህኛው መዳብ አይፈልግም፤ ብረት ይበቃዋል፤ ኤሌክትሮኑን ያው ያቀባብላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዋቅላሚው ማንም ሳያየው አስር ቀን ሙሉ ሲኖር ከርሟል ማለት ነው።

ስትነግረው ዮአብ ፊቱ በራ። «አሪፍ ነዋ! ገጹን እንቀይረውና ሁሉንም ቀን አረንጓዴ እንበል። እውነት ነው አይደል?»

«ምናልባት። ግን አላየነውም።»

«አለማየታችንን ማን ያውቃል?»

ሂባ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ተቀምጣ በዮአብ መስመሮች ላይ አንድ በአንድ ሰረዝ አደረገችባቸው፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ «አልታየም» ብላ ጻፈች። ከታች «ቀን 17፦ ሁለቱም አረንጓዴ» ጨመረች።

በገጹ ዳር፣ ክትትል ለተዘለለባቸው ቀናት፣ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ነበር። እስክሪብቶዋን ይዛ ቆየች። ከዚያ «ሂባ፦ አባቴ ሞቷል» ብላ ጻፈች። ቃሉን እስከዚያች ሰዓት ለማንም ብላው አታውቅም። የመጨረሻው ፊደል ትንሽ ተጣመመባት።

ዮአብ አነበበው። ሂባ እስክሪብቶውን ሰጠችው።

«ሐሙስ ማቅረባችን ቀረ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንጃ። ቲቸር ትወስን።»

ዮአብ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ከስሟ ስር «ዮአብ፦ አልመጣሁም» ብሎ ጻፈ። ደብተሩን ይዘው ወደ መምህራን ክፍል ሄዱ።