ስንዝር ዋርካ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የዋርካዋን ነገር ይንገሩን» ብለው ስለነዘነዙኝ ነው እንጂ፣ እኔስ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። ጅን የለም አልልም፣ አላህ ፈጥሮታል፣ ግን ሥራውን ትቶ ኮምቦልቻ ድረስ እኔን ሊያስደንቅ ይመጣል ብዬ አምኜ አላውቅም፤ ጎረቤት «ታየኝ፣ ተሰማኝ» ስትለኝ «እራትሽን በልተሽ ተኚ» የምል ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ።

በዚያን ጊዜ የልጅ ልጄ ዘሃራ የድንክ ዛፍ ማኅበር ገብታ ነበር፣ እሁድ እሁድ እኔ ግቢ ይሰበሰባሉ። ዛፉን ሳህን በምታክል ሸክላ ተክለው፣ ሥሩን እየከረከሙ፣ ቅርንጫፉን በሽቦ እየጠመዘዙ ስንዝር አድርገው ያስቀሩታል። ሰው ሁሉ ዛፌ ይደግልኝ ብሎ ይለምናል፣ እነሱ እንዳያድግ ይለፋሉ። የመጀመሪያው ቀን ይመርቁን ቢሉኝ የለመደ አፌ «አላህ ያሳድግላችሁ» አለ፣ ሁሉም በአንድ አፍ «ኧረ እማማ፣ እሱን አይበሉ» ብለው ተንጫጩብኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያቺ ምርቃት በነሱ ፊት ተከለከለችብኝ።

ከአባላቱ መሃል አያ ሰይድና ጋሽ ጌታቸው የሚባሉ፣ አርባ ዓመት አብረው የጭነት መኪና የነዱ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የአንዱ ዒድ የሌላው ዒድ ነው፣ የአንዱ ፋሲካ የሌላው ፋሲካ። አያ ሰይድ ዓይኑን ሊታከም ደሴ ሲወጣ ድንክ ወይራውን ለጋሽ ጌታቸው አደራ ሰጠው፣ ጋሽ ጌታቸው ደግሞ የደረቀ መስሎት አንዱን ቅርንጫፍ ቆረጠው። ለካ ዘጠኝ ዓመት በሽቦ የተገራ ቅርንጫፍ ኖሯል። አያ ሰይድ ሲመለስ አየና «አደራ በላ፣ ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳይቆም» ብሎ ማለ። በኛ አገር ከዚህ የከፋ ቃል የለም፣ ጋሽ ጌታቸው እህል አልወርድህ ብሎት በቁሙ አለቀ።

እኔ ላስታርቅ ገባሁ። አያ ሰይድ ለእምቢታው ዘዴ አበጀ፣ «አባቴ የታረቁት ሐርቡ ከተማ ካለው ዋርካ ሥር ነው፣ እኔም ዋርካ ሥር ካልሆነ አልታረቅም» አለ። የሐርቡው ዋርካ እንደሁ ከወደቀ ቆይቷል፣ ይህን ያውቃል። ይኼኔ ዘሃራ «ዋርካማ የማኅበሩ አለች፣ እኔ ክፍል» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። ያኔ አላስተዋልኳትም። አያ ሰይድም ከገዛ ቃሉ መሸሻ አጣ፣ ስንዝርም ትሁን ዋርካ ዋርካ ነው።

እሁድ በቀትር፣ ፀሐዩ የአጥሩን ቆርቆሮ ሲያንጣጣው፣ ምንጣፍ ዘርግተን ዋርካዋን በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። ዘሃራ ማንም እንዳይነካት፣ መድኃኒት ረጭቼባታለሁ አለች። አያ ሰይድ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ በሚያደርገው ጥቁር መነጽር አጎንብሶ አያትና «ምኔን ላስጠልልባት፣ አፍንጫዬን?» አለ። ጋሽ ጌታቸው በዳይ ነውና እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ፣ ግን ለስንዝር ዋርካ ቋጥኝ አይገባም ብሎ ነው መሰለኝ፣ የተሸከማት ለውዝ የምታክል ጠጠር ናት፣ እንዳትወድቅበት አቀርቅሮ በቀስታ ይራመዳል። ሳቄን በሻርፔ ጫፍ አፈንኩት።

ዱዓ ጀመርኩ። አገሩን መረቅሁ፣ ልጆቹን መረቅሁ፣ መጨረሻ ላይ አፌ አዳለጠኝና «ያላችሁን አላህ ያሳድግላችሁ» አልኩ። «አሚን» አሉ፣ ማንም ልብ አላለም።

መጀመሪያ የሰማሁት የክንፍ ድምፅ ነው፣ ርግቦች ቅርንጫፍ ሲለዋወጡ እንደሚሰማው። ዶሮዎቼ ናቸው ብዬ ዞርኩ፣ ዶሮዎቼ አጥሩ ሥር ተኝተዋል። ቀጥሎ የበሰለ የዋርካ ፍሬ ሸተተኝ፣ ከዚያ ማጅራቴ ቀዘቀዘ። ዙሪያዬን ባይ፣ ወላሂ፣ ቆርቆሮው እንደነደደ ነው፣ ምንጣፋችን ግን ከዳር እስከ ዳር ጥላ ውስጥ ነው፤ ሰማዩ ላይ ደመና የለም፣ በአያ ሰይድ ነጭ ጀለቢያ ላይ በቅጠል መሃል የሚሾልክ ብርሃን እንደ ጫጩት ወዲያ ወዲህ ይላል። ዋርካዋ ያው ስንዝር ናት። አያ ሰይድ ወደ ላይ አንጋጠጠ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጌታቸው» አለ፣ «ጠጠርህን ጣልና ተጠጋ። ጥላው ለሁለታችን ይበቃል።»

ተቃቅፈው ሲላቀሱ መዳፍ የሚያክል ቅጠል መጥቶ ጭኔ ላይ አረፈ። ባነሳው ከእጀታው ነጭ ወተት ወጥቶ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ አንዷ ዶሮ ጮኸች፣ ፀሐዩም ተመለሰ። ዘሃራ ቅጠሉን እያየች መሬት ላይ ተቀምጣ አመድ መስላለች፣ ምን ሆንሽ ብላት «ፀሐይ መታኝ» አለችኝ። በዚያ ጥላ!

የሆነውን ነገር ከዚያ ወዲህ ማንም አላነሳውም፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንኳ። አያ ሰይድ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አኼራ ሄደ፣ ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ጋሽ ጌታቸው ነው። ዋርካዋ ለኔ ቀረች፣ በየጠዋቱ ውሃ አጠጣታለሁ፣ በጋ ከክረምት አንድ ቅጠል ረግፎባት አያውቅም፣ በረካ አላት እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ስኮራባት ኖርኩ። ያችን ጭኔ ላይ የወደቀችውን ቅጠል መቁጠሪያዬ ከረጢት ውስጥ አኑሬያታለሁ፣ ደርቃ ጠርዟ ይፈረፈራል፣ ማየት የፈለገ ይምጣ።

አምና ዘሃራ ካገባችበት ከቢስቲማ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ጠዋት ዋርካዋን ውሃ ሳጠጣ አየችኝ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ እጄን ይዛ አለቀሰች። የማኅበሩ ዋርካ ከእርቁ ቀደም ብሎ እሷ ክፍል ደርቃባት ኖሯል፣ አፍራ ለማንም ሳትናገር ከገበያ ሌላ ገዝታ በዚያው ሸክላ ተክታ ነበር።

«እማማ» አለችኝ፣ «ውሃውን ይተዉት፣ ፕላስቲክ ናት።»